ጫማ ገሪው

አባቴ እግሩን የሚያመው ሰው አልነበረም። የሌላው ልጅ አባት መኪና ይነዳል፣ አንዱ በወጣትነቱ ኳስ ተጫዋች ነበር ይባላል፣ የአንዷ አባት ደግሞ ጆሮውን ያለ እጅ ያንቀሳቅሳል። የእኔ አባት እግሩን አያመውም። ያኔ ትምህርት ቤት ከገባሁ ብዙም አልቆየሁም፤ ቢሆንም ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጠው የእኔ መሆኑን አንድም ቀን ተጠራጥሬ አላውቅም።

ጫማ ሰሪ ነበር። ሱቁ መንገድ ዳር ያለች አንዲት ክፍል ናት፤ ቤታችን ከኋላዋ ነው፣ መሀሉን የሚለየው መጋረጃ ብቻ ነው። ያደግሁት ማስቲሽ፣ ቆዳና የጫማ ቀለም እየሸተተኝ ነው። ዛሬ ሱቁን የያዝኩት እኔ ስለሆንኩ ሽታው አሁንም ከልብሴ አይወጣም፤ ባሌ ለምዶታል፣ ወይም የለመደ መስሎ ይኖራል። አባቴ በርጩማው ላይ ተቀምጦ፣ ጫማውን በጉልበቶቹ መሀል ይዞ፣ ትንንሽ ሚስማሮች በከንፈሩ ነክሶ ሲሠራ ባያናግሩት ይመረጣል። ካናገሩትም በአፍንጫው ነው የሚመልሰው።

ሰው ወደ እኛ የሚመጣው ግን ለስፌት አልነበረም። ስፌትማ ከመንገዱ ማዶም ሞልቷል። ወደ እኛ የሚመጣው ጫማ ለማስገራት ነው። አዲስ ጫማ ገዝቶ የጠበበው ሰው ሌላ ቦታ ቢወስደው የእንጨት ፎርማ ይከቱበታል፣ ወይም እርጥብ ጋዜጣ ይጠቀጥቁበታል። አባቴ ይህን ሲሰማ ያንገሸግሸዋል። እንጨት የሞተ እግር ነው፣ ጫማ የሚገራው በሕያው እግር ነው ይላል። ስለዚህ የሰውየውን ጫማ እሱ ራሱ አጥልቆት ይውላል። እየተቀመጠ፣ እየተነሳ፣ ውሃ ሊቀዳ፣ ቆዳ ሊገዛ እየሄደ፣ ጫማው የት መታጠፍ እንዳለበት፣ ለትንሿ ጣት የት ላይ ቦታ መልቀቅ እንዳለበት ያስተምረዋል። ባለቤቱ መጥቶ ሲያደርገው እንደ ካልሲ ይሆንለታል። እንደ እድል ሆኖ የአባቴ እግር የብዙ ወንዶች ጫማ ልክ የሚሆነው መካከለኛ እግር ነበር። የሴት ጫማ አልቀበልም ይላል፤ ይበል እንጂ፣ አንዲት እግረ ሰፊ ሙሽራ ለምናው ከመጋረጃው ኋላ ታኮ ጫማ አድርጎ፣ ግድግዳ ይዞ ሲንገዳገድ በዓይኔ አይቻለሁ።

እናቴ እንደምትለው መጀመሪያ አካባቢ ሥራው ያሰቃየው ነበር። ከቀትር በኋላ ያወልቃል፣ ጣቶቹን ያሻል፣ የጫማውን ባለቤት ይረግማል። ከጊዜ በኋላ ግን ተካነበት። ሌላ ሰው አድርጎት ከደጃፍ የማያልፍበትን ጠባብ ጫማ ጠዋት አጥልቆ እያፏጨ ይውላል። ዝናው ሰፈሩን አልፎ ሄደ፤ ሰዉም «ብረቱ» የሚል ስም አወጣለት። ታላቅ እህቱ፣ አክስቴ፣ በመጣች ቁጥር የዘራችን እግር ድሮም እንዲህ ነው እያለች የሞቱ ዘመዶቻችንን ትጠራልኛለች። አንዱ ፍም ረግጦ ያወቀው ሽታው ሲመጣ ነው፤ አንዷ እግሯ ውስጥ እሾህ ይዛ ከርማ ያየላት ሌላ ሰው ነው። እኔ አፌን ከፍቼ አዳምጣለሁ። ዛሬ ሳስበው አክስቴ ታወራልኝ የነበረው የቤተሰባችንን የሕክምና ታሪክ ነው። ሐኪም ፊት ብታወራው ኖሮ ስንቱን በጠቀመ።

አባቴ ስኳር በሽታ እንዳለበት ከተነገረው ቆይቷል። ክኒኑን ሲያስታውስ ይውጣል፣ ሻዩን እንግዳ ፊት ያለ ስኳር ይጠጣል፣ የቀረውን ምክር ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎታል። በሽታው እየቆየ ሲሄድና እሱ በሥራው እየተካነ ሲሄድ ሁለቱ ነገሮች እኩል መራመዳቸውን ልብ ያለ ሰው አልነበረም፣ ከእናቴ በቀር።

እናቴ ልብስ ማጠቢያ ቤት ነበር የምትሠራው። ቀኑን ሙሉ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ በላስቲክ ጫማ ቆማ ውላ ትመጣለች። እንደገባች ሳታርፍ የአባቴን እግር ታጥባለች። ለብ ያለ ውሃ ታቀርብና መጀመሪያ ክርኗን ትነክርበታለች። እሱ የሚወደው የሚፋጅ ውሃ ነበር፤ እሷ ግን እሺ አትልም፣ እኔም ማገዶ ቆጥባ ነው እል ነበር። ከዚያ በጣቶቹ መሀል ሳይቀር በጨርቅ ታደርቃለች፣ ተረከዙን ቅባት ትቀባለች፣ ጥፍሩን ቀጥ አድርጋ ትቆርጣለች። በመጨረሻ የእጅ መስታወቷን ታወጣና ከእግሩ ሥር ይዛ ውስጥ እግሩን ራሱ እንዲያየው ታደርጋለች። እሱም ጎንበስ ብሎ «ታች ያለው ሰውዬ ደህና ነው?» ይልና ብቻውን ይስቃል።

ይህ ሁሉ ለእኔ ቅጣት ነበር። ትምህርት ቤት አስተማሪያችን አሰልፋ ጥፍራችንን እንደምታየው፣ እናቴም አባቴን በሆነ ጥፋት ይዛ የምትፈትሸው ይመስለኝ ነበር። ጥፋቱ ምን እንደሆነም አውቄያለሁ፤ ከእሷ የበለጠ ጠንካራ መሆኑ ነው። እሷ ወገቤን፣ ትከሻዬን እያለች ትገባለች፣ እሱ ግን ምንም አይለውም። ቀንታበታለች ብዬ ደመደምኩ፤ እንዲያውም ለእሷ ትንሽ አዘንኩላት።

አንድ ቅዳሜ የሰፈሩን ልጆች ሰብስቤ ሱቃችን በር ላይ አመጣኋቸው። አንዱ ልጅ አባትሽ ውሸታም ነው ብሎኝ ደሜ ፈልቶ ነበር። አባቴ ክሱን ሲሰማ የያዘውን ሥራ አስቀመጠ፣ ጫማና ካልሲውን አወለቀ፣ ወስፌውን በእጀታው በኩል ለልጁ ሰጠው። ልጁ ፈራ። አይዞህ አለው አባቴ፣ የሰው ጫማ ስትወጋ እንጂ የእኔን እግር ስትወጋ ማንም አይቆጣህም። ልጁ በወስፌው ጫፍ ተረከዙን ጠቅ አደረገው። አባቴ አዛጋ። ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ፤ ከዚያ በኋላማ ወረፋ ሆነ። አንዱ ሲወጋው ያንኮራፋል፣ አንዷ ስትወጋው ሰዓት ስንት ሆነ ብሎ ይጠይቃል። እኔ ደረቴን ነፍቼ እንደ ሥራ አስኪያጅ ተራ አስከብራለሁ።

እናቴ ከሥራ ስትመለስ ደረሰችብን። ክው ብላ ቆመች። ልጆቹን አልተቆጣችም፤ ፊቷን አይተው ራሳቸው ተበተኑ። ወስፌውን ከመሬት አነሳች፣ ተንበረከከችና በቀሚሷ ጫፍ ተረከዙን ጠረገችው። ጨርቁ ላይ ቀያይ ነጠብጣቦች ቀሩ።

«አንተ ልጅ ነህ?» አለችው።

«ምን ሆንኩ? አላመመኝም እኮ።»

«እሱን እኮ ነው የምልህ።»

እኔ ግን በክርክሩ እሱ ያሸነፈ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ እጁን ይዛ ጤና ጣቢያ ወሰደችው፤ እኔንም የምትተውበት ሰው ስላልነበረ አብሬ ሄድኩ። ነርሷ ወጣት ናት፣ ድምጿ ዝግ ያለ፣ ዓይኗ ግን የሚያመልጠው ነገር የለም። አባቴን አልጋ ላይ አጋድማ፣ ከአንድ እንጨት ጫፍ ላይ የታሰረች የዓሣ ማጥመጃ ክር የምትመስል አጭር ክር አወጣች። ዓይኑን እንዲጨፍን፣ ክሩ እግሩን በነካው ቁጥር አዎ እንዲል ነገረችው። ጨዋታው ገባኝ። ራስጌው ቆሜ ስለነበር ግን አንድ ነገር አየሁ፤ አባቴ ዓይኑን የጨፈነው ለይምሰል ነው፣ በሽፋሽፍቶቹ መሀል እጇን ይከታተላል። እጇ ዝቅ ሲል አዎ ይላል። እንደገና ዝቅ ሲል አዎ ይላል። በልቤ አደነቅሁት። ነርሷ ትንሽ ቆየችና እጇን ዝቅ አድርጋ አየር ላይ አቆመችው።

«አዎ» አለ አባቴ።

«አልነካሁዎትም እኮ ጋሼ።»

«ልትነኪኝ ነበር» አላት።

እኔ ከት ብዬ ሳቅሁ። እናቴ አልሳቀችም። ነርሷም ፈገግ ብላ ፎጣ አመጣችና ዓይኑን ሸፈነችው። ከዚያ ክሯ አውራ ጣቱን ነካች፣ ውስጥ እግሩን ነካች፣ ተረከዙን ነካች፣ አባቴ ግን ዝም። እንቅልፍ የወሰደው መስሎኝ ነበር። ፎጣው ሲነሳለት ጨረስሽ ወይ ብሎ ጠየቃት፤ ፊቱ ላይ ከዚያ በፊት አይቼው የማላውቀው ነገር ነበር። ዛሬ ፍርሃት እለዋለሁ፤ ያኔ ጨዋታውን ስለተሸነፈ የከፋው መሰለኝ።

ነርሷ ለእናቴ ስትነግራት ግማሹን ሰማሁ። ነርቮቹ ደክመዋል፣ እግሩ ጠባቂ የለውም፣ ቢቆረጥም ቢቃጠልም አይነግራችሁም አለች። በባዶ እግሩ እንዳይሄድ፣ ጫማ ከማጥለቁ በፊት እጁን ከቶ እንዲዳስስ፣ ጠባብ ጫማ ጨርሶ እንዳያደርግ፣ ጭረት እንኳ ብታገኙ ሳትውሉ ሳታድሩ አምጡት አለች። እስከ ጠባብ ጫማ ድረስ አባቴ በእሺታ ራሱን እየነቀነቀ ነበር። እዚያ ላይ ስትደርስ አቆመ።

መንገድ ላይ ሁለቱ በዝቅታ ተጨቃጨቁ። ብረቱ ታመመ ከተባለ ማን ጫማውን ያምነኛል ይላል እሱ፤ ጫማ ካልገራሁ እኔ ማን ነኝ? እሷ ደግሞ እግርህን ቢቆርጡትስ አለችው። እሱም የኔን እግር ማን ይቆርጠዋል ብሎ ሳቀ። እኔም እውነቱን ነው ብዬ አብሬው ሳቅሁ። ብቻ ሰፈር ስንደርስ ከእንግዲህ ጫማ እንደማይገራ ቃል ገባላት።

ቃሉን ጠበቀ፤ እሷ ቤት ባለችበት ጊዜ ሁሉ ጠበቀ። ጠዋት መጋረጃውን አልፋ እንደወጣች የራሱን ጫማ አውልቆ የደንበኛውን ያጠልቃል፣ ማታ ከመምጣቷ በፊት ይቀይራል። የሚገርመኝ አንድ ነገር ነው። ለደንበኛ የሚመልሰውን ጫማ ሁሉ፣ እጁን እስከ ጫማው አፍንጫ ድረስ ከቶ ጣት በጣት ሳይዳስስ አይሰጥም ነበር። የሰው እግር አደራ ነው ይላል። ነርሷ ያለችውን ነገር እሷ ሳትወለድ ጀምሮ ያውቀዋል። የሚዳስሰው ግን ለሌላው እግር ሲሰጥ እንጂ ለራሱ ሲያጠልቅ አይደለም።

አንድ ቀን የባንክ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ አፍንጫው የቀጠነ ጫማ ይዞ መጣ። ጫማው ጠቦታል፣ የግራው ታኮም ተነቃንቋል። አባቴ ታኮውን በሚስማር መታ፣ ወዲያው አጠለቀው። ሥራ አስኪያጁ ትልቅ ስብሰባ ስላለበት ጫማው እስከዚያ በደንብ እንዲለዝብ አደራ ብሎ ነበር፤ አባቴም በአደራ አይታማም፣ ቀናት አከታትሎ አደረገው። በእነዚያ ቀናት ልብስ ማጠቢያ ቤቱ ሥራ በዝቶበት እናቴ አምሽታ፣ ወገቧን ይዛ ነበር የምትገባው። አባቴ ቀድሞ ካልሲውን አድርጎ ይጠብቃትና ታጥቤያለሁ፣ አንቺ እረፊ ይላታል። እንዲህ የሚያስብላት ባል እንዳላት ለጎረቤት አወራች።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ሱቁ ወለል ላይ የግራ እግር ዱካ አየሁ። ከበርጩማው እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ በርጩማው፣ ተረከዝ ተረከዙ ብቻ፣ ጥቁር ቀይ። ያን ሰሞን የምንቀባው የጫማ ቀለም ልክ እንደዚያ ነበር። አባዬ ቀለም ረግጠሃል አልኩት። ዝቅ ብሎ ብዙ አየው፤ አዎ ቀለም ነው፣ ጨርቅ አምጪ አለኝ። ተጋግዘን ወለሉን ጠረግነው። እያወቀ ዋሽቶኝ ይሁን፣ ወይስ እሱም ከልቡ ቀለም መስሎት ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሁለተኛው የባሰ ይመስለኛል።

እናቴ ያወቀችው ከሽታው ነው፤ ያን ቀን ከልማዷ ቀድማ ስለመጣች አባቴ የደንበኛውን ጫማ ገና አልቀየረም ነበር። በማስቲሽና በቆዳ በተሞላ ቤት ውስጥ ገና መጋረጃውን ስትገልጥ ቆመች፣ ቀጥ ብላ ሄዳ ጫማውን አወለቀችው። ካልሲው ከተረከዙ ጋር ተጣብቋል። ታኮውን አልፎ የገባው ሚስማር ራሱ አባቴ የመታው ነበር፤ ቀናቱን ሙሉ እላዩ ላይ ሲራመድበት ከርሟል። አውራ ጣቱና አጠገቡ ያለችው ጣት ደግሞ ከጠባቡ አፍንጫ ውስጥ ሲወጡ ጠቁረው ነበር።

ሆስፒታል ብዙ ቆየ። ተረከዙን አዳኑለት፣ ሁለቱን ጣቶች ግን ቆረጧቸው። አክስቴ የሰው ዓይን ነው የበላው እያለች አለቀሰች፤ እኔም ያመንኩት እሷን ነው። ቤት ከተመለሰ በኋላ ይባስ ብሎ አንድ ነገር ማስረጃ ሆነኝ። አባቴ፣ ወስፌ ሲወጋው ያዛጋ የነበረው ሰው፣ አሁን እያመመኝ ነው ይል ጀመር። የሚያመውም የሌለው አውራ ጣቱ ነው። እንግዲህ ጥንካሬው ሁሉ የነበረው እነዚያ ጣቶች ውስጥ ነው ማለት ነው፤ ሐኪሞቹም አውቀው ነው የወሰዱበት አልኩ። የተቆረጠ አካል እንደዚያ እንደሚያም ያነበብኩት ካደግሁ በኋላ ነው።

የሥራ አስኪያጁን ጫማ እናቴ ሚስማሩን ነቅላ፣ የውስጥ ንጣፉን ማዶ ባለው ጫማ ሰፊ አስቀይራ መለሰችለት። ሰውዬው እንዲህ የተመቸው ጫማ በዕድሜው አድርጎ እንደማያውቅ ላከብን፤ ከምስጋናው ጋር ሌላ ጠባብ ጫማ አብሮ ላከ። እናቴ ጫማውን በእጇ ይዛ መሳቅ ጀመረች፣ ሳቋን ማቆም ግን አቃታት፤ አክስቴ ውሃ አመጣችላት።

ከሆስፒታል የተመለሰልን ሰው ሌላ ሰው ነበር። አስተውሎ የማያውቀውን እግር አሁን ከሰው ፊት በላይ ማየት ጀመረ። ቤታችን ውስጥ ጫማውን ሳያራግፍና እጁን ሳይከትበት ማጥለቅ የሚችል ሰው የለም። እኔ ጠዋትም ማታም እፈተሻለሁ። ደንበኛ ሶል ሊያስቀይር ይመጣል፣ ካልሲህንም አውልቅ ይባላል። ሥራ አስኪያጁ ሳይቀር ሱሪውን ሰብስቦ ሱቁ መሀል እግሩን ሲያስገመግም አይቻለሁ። አክስቴ እግሬን ለባሌም አሳይቼ አላውቅም ብላ መምጣት ቀነሰች። ነርሷ ፋሻውን ልትቀይርለት ስትመጣ ይህን ሁሉ ሰምታ ሳቀች፤ ከዚያ ወደ እናቴ ዞራ እርስዎስ ተመርምረው ያውቃሉ ወይ አለቻት። እናቴ ለመታመም ጊዜ የለኝም፣ አንድ በሽተኛ ይበቃናል አለች። ሁላችንም ይህን እንደ ጥሩ ቀልድ ተቀበልነው።

አንድ እሑድ ከሰዓት አባቴ የሚፈትሸው እግር አለቀበት። እናቴ ልብስ እያጣጠፈች ነበር። ነይ ተቀመጪ አላት። ተወኝ ባክህ፣ እኔ ምን ሆኜ አለችው። እሱ አልለቀቃትም፤ በመጨረሻ ለአመሉ ብላ መጋረጃውን አልፋ ሱቁ ውስጥ ገባችና የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀመጠች። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጣ አይቻት አላውቅም። እንደ እንግዳ ሰው ቀሚሷን አስተካክላ፣ ለእኔ ጥቅሻ ጣለችልኝ። አባቴ ጣቶቹ የተቆረጡበትን እግሩን ዘርግቶ በርጩማው ላይ ከፊቷ ተቀመጠና የላስቲክ ጫማዋን አወለቀ። ጫማውን ደፍቶ አራገፈው፤ ምንም የለም። ከዚያ እግሯን ወደ ብርሃኑ ቀና አደረገው።

የእጁን ጣቶች አስጠግቶ፣ ከለጋ ቆዳ ላይ ጉድፍ እንደሚለቅም ሰው ቀስ እያለ፣ ከጣቶቿ ሥር ካለው ወፍራም ሥጋ ውስጥ አንዲት ነገር ነቀለ። የሸሚዝ ቁልፍ ነበረች፣ ነጭ፣ የክር ቀዳዳዎቿ በቆሻሻ የተደፈኑ። የነበረችበት ቦታ ክብ ጉድጓድ ሆኗል፤ ዳርና ዳሩ ቆዳ ጀምሮበታል።

እናቴ ጎንበስ ብላ ስታያት ፊቷ በራ።

«ውይ፣ የዳኛው ሸሚዝ ቁልፍ! ስንት ጊዜ ፈልጌያት መሰለህ፤ ሰውዬው እኮ በእሷ ምክንያት ነው አለቃዬ ጋ የከሰሰኝ።»

«አላመመሽም?» አላት አባቴ።

«ምኑ?» አለችው።

አባቴ ቁልፏን እንደያዘ ግንባሩን ጉልበቷ ላይ ደፋና አለቀሰ። ጣቶቹ ሲቆረጡ አላለቀሰም። እሷ ግራ ገብቷት ራሱን ትዳብሰዋለች፣ ምን ሆንክ አንተ ሰውዬ፣ አላመመኝም እኮ ትለዋለች። ያ ቁስል እስኪድን ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረው፤ ዳነ፣ ለዚህም ዛሬም አመሰግናለሁ። ነርሷ ስትመረምራት ስኳሯ ከእሱ በልጦ ተገኘ። ስንት ዓመት የእሱን እግር ጭኗ ላይ አስቀምጣ ስታገላብጥ፣ ከቤቱ ሰው አንዳችን እንኳ ጫማሽን አውልቂ ብለናት አናውቅም ነበር።

ያኔ ግን እኔ ይህን አላውቅም። ያኔ የማውቀው ደስ እንዳለኝ ብቻ ነው። አባቴ የሚያለቅሰው ኃይሉ ስለተወሰደበት መስሎኝ ነበርና ሄጄ አንገቱን አቀፍኩት።

«አይዞህ አባዬ» አልኩት፣ «እማዬም አያማትም።»